የጋሽ ደምሴ አምፕ

ጋሽ ደምሴ ካረፉ አሥራ አንድ ወር ሊሆናቸው ሲል ባለቤታቸው እትዬ ሮማን ደወሉልኝ። ዓርብ ከሰዓት ነበር። ሜክሲኮ አካባቢ ባለው ቢሯችን ውስጥ አንድ የመኪና አደጋ ፋይል ላይ አቀርቅሬያለሁ። እኔ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነኝ። የተጨረመተ መከላከያና የተሰበረ ፍሬቻ ስገምት አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል።

«ብሩኬ፣ የደምሴን አምፕ ልሸጠው ነው» አሉኝ ሰላምታውን አሳጥረው። «ገዢ መጥቷል። ግን ደምሴ ‹ለብሩክ ሳታሳዪ እንዳትሸጪው› ብሎኝ ነበር። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሁለቴ ነው ያለኝ። ነገ ናና እየው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያንኑ አንድ መስመር ደጋግሜ ሳነብ ሰዓቱ አለቀ።

አምፕ ማለት የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ የሚወጣበት ሳጥን ነው። የጋሽ ደምሴ ግን እንደ ሌላው አልነበረም። ውስጡ እንደ ትንንሽ አምፖል የሚግሉ የመስታወት ቲዩቦች አሉት። የዛሬዎቹ አምፖች ገና ሲያበሯቸው ይጮሃሉ፤ ይሄኛው እስኪሞቅ መጠበቅ አለበት፤ ከሞቀ በኋላ ግን ድምፁ የሰው ጉሮሮ ይመስላል። ጋሽ ደምሴ ከአውሮፓ ይዘውት ሲመጡ የድሮ ኦሪጅናል ነው ብለው ነበር። «ይሄ ሳጥን በዕድሜ ይበልጥሃል፤ ስትነካው ተነሥተህ ይሁን» ይሉኝ ነበር እየሳቁ። በከተማው ያለን ጊታር ተጫዋቾች ሁሉ እናውቀዋለን።

እዚህ ላይ ያኔ ማን እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም።

የተወለድኩት ጌጃ ሰፈር ነው። እናቴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ጊታር መማር ጀመርኩ፤ ሰባት ዓመት ተማርኩ። አባት አልነበረኝም፤ ከእሳቸው በቀር በአባት ቦታ የማስቀምጠው ሰው አልነበረኝም ማለቴ ነው። ሃያ አምስት ዓመቴ ላይ አምስት ሆነን ባቋቋምነው ባንድ ውስጥ ሊድ የሚባለውን ዋናውን ጊታር የምጫወተው እኔ ነበርኩ። እሳቸው የባንዱ አባል ባይሆኑም ልምምዳችንን ይመሩልን፣ ደብዳቤዎቻችንንም ይዘው ይሯሯጡልን ነበር። አንድ ዓመት ቅጂያችንን ወደ አውሮፓ ላክን። የሦስት ሳምንት ጉዞ ተፈቀደልን። ፓስፖርት አወጣሁ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች።

ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ጋሽ ደምሴ ቤታቸው ጠሩኝ። ትከሻዬን ይዘው «ብሩክ፣ እንደ ወንድ ሆነህ ስማኝ» አሉኝ። «ጋባዦቹ የአንተን ጊታር አልወደዱትም። ‹ልጁ ገና ነው፤ ሌላ ሰው አምጡ› ብለዋል። ለመንኳቸው፣ አይሆንም አሉ። ጉዞው ከሚሰረዝ እኔ ልሂድላቸው ብያለሁ።»

አመንኳቸው። እንዲያውም ያጽናናኋቸው እኔ ነኝ። ከፍቷቸው አይቼ «ምንም አይደል ጋሼ፣ እርስዎ እንኳን ሄዱ» አልኳቸው። የሄዱ ዕለት ሻንጣቸውንና ጊታራቸውን ተሸክሜ እስከ ታክሲው አደረስኩ። ቦሌ ድረስ ልሸኛቸው ስል «ተው፣ ልብህ ይሰበራል» ብለው ከለከሉኝ። እንዴት ያሉ አዛኝ ሰው ናቸው ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

«ገና ነው» የሚለው ቃል ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ጊታር ባነሣሁ ቁጥር እሰማዋለሁ። ከባንዱ ጋር እየተራራቅን ሄድን፤ እነሱም አልጠሩኝም፣ እኔም አፍሬ አልሄድኩም። በዓመቱ ኢንሹራንስ ገባሁ። አንዳንድ ቅዳሜ የሰው ልጆች አስተምራለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ሙዚቃ አልነበረኝም። አሁን ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን አንድ ነገር ውስጤን ይበላኝ ነበር፦ እንደገና ልጀምር? እና እትዬ ሮማን የደወሉት ልክ በዚህ መሀል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጊታሬን በጀርባዬ አዝዬ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። እትዬ ሮማን በር ላይ አቅፈው ሳሙኝ። ጥቁር ልብሳቸውን ገና አላወለቁም። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ነገር የማያንዛዙ ሴት ናቸው።

አምፑን ሳሎን ጥግ ላይ አስቀምጠው እንደ ቴሌቪዥን ዳንቴል አልብሰውታል። ዳንቴሉን ራሳቸው አነሡት። ክሬም ቀለም ያለው የፊቱ ጨርቅ ትንሽ ከመጠየሙ በቀር እንደነበረ ነው።

«ክፈተው እንጂ» አሉኝ። «ከሞተ ወዲህ ማንም አልነካውም።»

ሰካሁትና ማብሪያውን ጫንኩት። ቀይዋ መብራት በራች። ከኋላ በኩል ቲዩቦቹ ቀስ እያሉ ብርቱካንማ ሆኑ፤ የሞቀ አቧራ ሸተተኝ። ትንሽ ጠብቄ አንድ ኮርድ መታሁ።

እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። በዓመታት ውስጥ ከእጄ እንዲህ ያለ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። በባቲ ቅኝት ጥቂት ሄድኩ፤ ጣቶቼ ደንዝዘዋል፣ አምፑ ግን ስህተቴን ሁሉ እያሞቀ ያወጣዋል። እትዬ ሮማን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በዚህ መሀል በር ተንኳኳ። ፊት ለፊት የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው፤ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው።

«ይቅርታ፣ ድምፁን ስሰማ ደንግጬ ነው። ደምሴ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ።»

ከዚያ ብዙም አልተጫወትኩም፤ መብራት ሄደ።

እትዬ ሮማን ሻይ አቀረቡልኝ። «እህቴ ጋ ልገባ ነው፤ ይሄ ቤት በዛብኝ» አሉ። «የሙት ዓመቱን ድግስ ደግሞ የሰው እጅ ሳላይ ማውጣት እፈልጋለሁ። የመጣው ሰውዬ ኦሪጅናል ከሆነ ጥሩ ዋጋ እሰጣለሁ ብሏል። ላንተ ግን ቀንሼ እሰጥሃለሁ።»

የጠሩልኝ ዋጋ ቀንሶም ከባድ ነበር። ለነገ ቀጠሮ ጠየቅኩ። ጌጃ ሰፈር አንድ ከድር የሚባል የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ጓደኛ አለኝ፤ እሱ ውስጡን ሳያይልኝ እንዳልገዛ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

ማታ እራት ላይ ለባለቤቴ ለህሊና ነገርኳት። ስለ ድምፁ ሳወራ ምግቡን መብላት ረስቼ ነበር። እስክጨርስ ሰማችኝና፦

«አምፑን ነው የምትፈልገው ወይስ ጋሽ ደምሴን?» አለችኝ።

«ሁለቱንም መሰለኝ።»

«እንግዲያው ግዛው። ከገዛኸው ቢያንስ ትጫወታለህ። ይሄው ስንት ዓመት እንዳልጫወት ተፈርዶብኛል እንደሚል ሰው ነው የምትኖረው።»

ተኛሁ እንጂ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሐሳቤ አምፑን የቱ ክፍል ውስጥ እንደማስቀምጠው ስለካ አደርኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጊታሬን አዝዬ፣ ከድርን ይዤው ሄድኩ። ከድር አምፑን በፎጣ ላይ አስተኝቶ የኋላ ክዳኑን መፍታት ጀመረ። እትዬ ሮማን ሶፋው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ክዳኑ ሲነሣ በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ እያየ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ብሩክ፣ ይሄ የድሮ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም?»

«የድሮው እያንዳንዱ ሽቦ በእጅ ነው የሚበየደው። ይሄ ሰርኪቱ ታትሞ የተሠራ ነው። ፋብሪካው የድሮውን ሞዴል አስመስሎ እንደገና ያወጣው ነው። ዕቃው መጥፎ አይደለም፤ ወላሂ በጣም ንጹሕ ዕቃ ነው። ግን ኦሪጅናል ብለህ ከገዛኸው ተበልተሃል።»

እትዬ ሮማን ተቆጡ። «ደምሴ ኦሪጅናል ነው ብሏል! አንድ ቀን እንኳን አዲስ ነው ብሎ አያውቅም። ደረሰኙ ራሱ አለ፤ ቆይ አመጣዋለሁ።»

ወደ መኝታ ቤት ገብተው ሰማያዊ የፕላስቲክ ፎልደር ይዘው ተመለሱ። መነጽራቸውን አደረጉ። «የዚያ ጉዞ ወረቀት አንድም አልጠፋም። እኔ እንዲህ ነኝ፣ ወረቀት አልጥልም» እያሉ ማገላበጥ ጀመሩ። የአውሮፕላን ቲኬት ቁራጭ፣ የኮንሰርት ፕሮግራም፣ ፎቶ። ደረሰኙን አግኝተው ሰጡኝ። በፈረንጅኛ ነው የተጻፈው። የሞዴሉ ስም ካለ በኋላ ዳግም ምርት መሆኑን የሚገልጽ ቃል በግልጽ ታትሟል። ጋሽ ደምሴ ሲገዙት ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ያኔ የተሰማኝ ትንሽ ቅሬታ ብቻ ነበር። ሰው ለክብሩ ሲል ትንሽ ያጋንናል፤ ምን ይደረጋል አልኩ በልቤ። ለእትዬ ሮማን እንዴት ለስለስ አድርጌ እንደምነግራቸው እያሰብኩ ሳለ እሳቸው ገና ፎልደሩን እያገላበጡ ነበር።

«አይ ብሩኬ፣ ያንተም እዚሁ አለች እኮ» አሉ ፈገግ ብለው። «እናትህን ትተህ አልሄድም ብለህ የጻፍካት። ደምሴ እሷን ባነሣ ቁጥር እንባው ይመጣ ነበር። ‹እንዲህ ያለ ልጅ አይወለድም› ይል ነበር።»

«የምን ደብዳቤ?»

«ያቺ ናታ» ብለው ዘረጉልኝ።

የፎቶ ኮፒ ነው። ከላይ ጉዞውን ያስተባብር የነበረው ክፍል ስም አለ፤ ከታች ገቢ የሆነበት ማኅተም። በእጅ የተጻፈ ነው። እናቴ በጠና ስለታመመችብኝ በጉዞው ላይ መሳተፍ አልችልም፤ በእኔ ምትክ መምህሬ አቶ ደምሴ እንዲሄዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ማንም እንዳያነሣብኝ አደራ። ከሥሩ ሙሉ ስሜ። ከስሜ ጎን ፊርማ፤ የእኔን እንኳን ለማስመሰል ያልተሞከረ ፊርማ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቴ ትርጉሙን ነበር ያነበብኩት። በሦስተኛው ግን ፊደሎቹን አየሁ። «ለ» ዋን ሲጽፉ ግራ እግሯን ያስረዝሟታል። ሰባት ዓመት ሙሉ የጊታር ደብተሬን የሞሉት እነዚያው ፊደሎች ናቸው።

«እትዬ ሮማን» አልኩ። «እናቴ በዚያ ዓመት አልታመመችም።»

«ምን አልክ?»

«ጉንፋን እንኳን አልያዛትም። ሱቋን ከፍታ ነበር። ይሄን ደብዳቤ እኔ አልጻፍኩትም። ጋሽ ደምሴ ለእኔ ያሉኝ ጋባዦቹ ጊታርህን አልወደዱትም ነው።»

እትዬ ሮማን ደብዳቤውን ከእጄ ወሰዱት። ከድር መፍቻውን እንደያዘ ቆሟል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው ሄዱ። ለሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ማመልከቻ ሲቀበሉ የኖሩ ሴት እንዴት እንደሚያነቡ ያን ዕለት አየሁ፤ ቀኑን አዩ፣ ማኅተሙን አዩ፣ ከዚያ ጽሕፈቱን። ብዙ ቆዩ። ሲዞሩ መነጽራቸውን አውልቀው ነበር።

«ይሄ የደምሴ እጅ ነው» አሉ።

ከድር ተንበርክኮ ክዳኑን መልሶ ማሰር ጀመረ፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ፣ ድምፅ ላለማሰማት እየተጠነቀቀ።

«ሁሌ የሰው ወረቀት ስመዘግብ ኖሬ፣ እጄ ላይ የነበረውን አንድ ቀን አተኩሬ አላየሁትም» አሉ እትዬ ሮማን ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ላንተ ደስ ብሎኝ፣ አመስግኜህ ብቻ አስቀመጥኩት።» ከዚያ ድንገት ወደ አምፑ ሄደው መያዣውን አነሡ። «ውሰደው። ብር አልፈልግም። አሁኑኑ ይዘኸው ውረድ። ባንተ ቦታ ሄዶ ነው የገዛው፤ ያንተ ነው።»

እዚያ ሳጥን ፊት ቆሜ ያሰብኩትን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ገንዘብ ከፍዬ ብገዛው ከእኔ በተሰረቀ ነገር ላይ ዋጋ እየከፈልኩ ነው። በነፃ ብወስደው ደግሞ ጋሽ ደምሴ ከእኔ ጋር ሂሳብ ያወራረዱ ይመስላል። «ለብሩክ ሳታሳዪ እንዳትሸጪው» ያሉት ለዚህ ይሆን? በአፋቸው ያልደፈሩትን በሳጥን ሊከፍሉኝ? ደብዳቤውን ፎልደሩ ውስጥ የተዉት እንዳገኘው ፈልገው ነው ያለኝ ሰው አለ። እኔ ይህን ደግነት አልሰጣቸውም። ለመናገር አሥራ ሁለት ዓመት ነበራቸው።

«አልወስደውም እትዬ» አልኩ። ደረጃውን ስወርድ ጊታሬን ረስቼዋለሁ፤ ከድር ነው ተሸክሞ የተከተለኝ።

ባቡር ጣቢያው ጋ ቆሜ ለሙሉጌታ ደወልኩ። የባንዱ ድራመር ነበር። ከተነጋገርን ዓመታት አልፈዋል፤ በመጨረሻ የተያየነው የዛሬ አራት ዓመት በእናቴ ለቅሶ ላይ ነው። ድምፄን ሲሰማ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሜክሲኮ አንድ ካፌ ውስጥ ተገናኘን። ከመውጣቴ በፊት ደብዳቤውን በስልኬ ፎቶ አንሥቼው ነበር፤ አሳየሁት። አንብቦ መለሰልኝ።

«ታዲያ ይሄንን እናውቃለን እኮ። ጋሽ ደምሴ ያኔ ነግሮናል። እናትህ ካንሰር ይዟት፣ ማንም እንዳያውቅ ትፈልጋለህ ብሎ። ‹እንዳትደውሉለት፣ እንዳትጠይቁት› አለን።»

«እናቴ የሞተችው ድንገት ነው፣ ሙሌ። በሦስት ቀን።»

ሙሉጌታ ስኒውን አስቀመጠ። «ለቅሶ ላይ ‹ብዙ ዓመት ታግላለች› ስልህ እንደ እብድ ያየኸኝ ለዚህ ነው?»

አስታወስኩ። ያኔ ሰውዬው የሚለውን አያውቅም ብዬ አልፌው ነበር።

«ቆይ» አለኝ፣ ፊቱ እየተለዋወጠ። «እኛ እኮ አኩርፈንህ ነበር። ስንመለስ ‹ብሩክ ሙዚቃ በቃኝ ብሏል፣ እናንተንም ማየት አይፈልግም› ነው ያለን። አንድ ቀን እንኳን መጥተህ አልጠየቅከንም። ንቆን ነው አልን።»

«እኔ ደግሞ አልችልም ብላችሁ የተዋችሁኝ መስሎኝ አፍሬ ነው።»

ተያየን። ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅኩት።

«ሙሌ፣ እውነቱን ንገረኝ። ጋባዦቹ ስለ ጊታሬ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ቅጂውን ሰምተው አይደል የጠሩን? አየር ማረፊያ የተቀበለን ሰውዬ ገና ሰላም ሳይለን ‹የቅጂው ጊታሪስት የታል?› አለ። ጋሽ ደምሴ እጁን አውጥቶ ‹እናቱ ታማበት ነው› ብሎ አስረዳው። በመጀመሪያው ኮንሰርት ላይ ሰዎቹ ቅር ብሏቸው ነበር፤ እኛም ገብቶናል።»

አለቀስኩ። እሑድ ከሰዓት፣ ሰው በሞላበት ካፌ ውስጥ፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው። ያለቀስኩት ለአውሮፓ አይደለም። ሦስት ሳምንት ምንም ማለት አይደለም፤ ሰው ሦስት ሳምንት ተነጥቆ ይኖራል። ያለቀስኩት ለዚያ ቃል ነው። ማንም ያልተናገረውን ቃል አምኜ፣ ሌሎች ሰዎች አመዛዝነው የፈረዱብኝ መስሎኝ፣ በራሴ ላይ ዘበኛ ሆኜ ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

ረቡዕ እትዬ ሮማን ደወሉ። «ገዢው ነገ ይመጣል። ኦሪጅናል ነው ብዬው ነበር። ምን ልበለው?»

«እውነቱን እንንገረው። እኔ እመጣለሁ» አልኩ።

ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ሰውዬው በአንድ ሆቴል የሚጫወት ጊታሪስት ነው። ደረሰኙን አሳየነው፤ እንደገና የተሠራ እንደሆነ ነገርነው። ቅር አለው፣ አሰበ፣ ዋጋ ይቀነስልኝ አለ፤ ተቀነሰለት። ከዚያ «አንዴ ተጫውተህ አሰማኝ» አለኝ። እምቢ ልል ነበር፤ እትዬ ሮማን አዩኝ፤ ተቀመጥኩ። ያው ድምፅ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ያንቀጠቀጠኝ ድምፅ ምንም አልጎደለውም። በጣም የመረረኝም ይሄ ነው፤ ውሸት በሆነ ነገር ውስጥ ድምፁ አብሮ ይበላሻል ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። አምፑን ከሰውዬው ጋር ተጋግዘን አወረድነውና ታክሲ ላይ ጫንነው።

የሙት ዓመቱ ዕለት ልሄድ አልፈለግኩም። እትዬ ሮማን «ለእሱ ካልሆነ ለእኔ ና» ስላሉኝ ሄድኩ። ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የድሮ ተማሪዎች፣ ከባንዱም ሦስቱ ነበሩ። ቄሶቹ ጸሎት አድርሰው ምግብ ከመቅረቡ በፊት እትዬ ሮማን ተነሥተው ቆሙ።

«ደምሴን ሠላሳ ዓመት ወድጄዋለሁ፤ ነፍሱን ይማረው» አሉ። «ግን ቤቴ ውስጥ አንድ ውሸት አስቀምጬ ኖሬያለሁ። ይሄ ብሩክ እናቱ አልታመመችም ነበር። ጉዞውን እምቢ አላለም። ደብዳቤውን የጻፈው ደምሴ ነው። የብሩክ ጓደኞች እዚህ ስላላችሁ እንድታውቁት ነው።»

አንድ የጋሽ ደምሴ አጎት «ኧረ ሮማን! የሞተን ሰው እንዲህ ይባላል?» ብለው ተነሡ።

«በሞተው ላይ እግዜር ይፍረድበት» አሉ እትዬ ሮማን። «ቁጭ ያለው ልጅ ግን የሚፈርድለት የለውም» ብለው ተቀመጡ። ሙሉጌታ ከነበረበት ተነሥቶ፣ ወንበሩን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ይህን ያህል ያስነበብኳችሁ በእናንተም ላይ እንዲህ ያለ ቃል ተቀምጦ ሊሆን ይችላል ብዬ ነው። «እንዲህ አሉህ» የተባላችሁት፣ አለ የተባለው ሰው ዘንድ ሄዳችሁ ያልጠየቃችሁት ቃል። ሰው አትመኑ አልላችሁም፤ ሰው ሳያምኑ እንዴት ይማራል? ነገር ግን አንድ ሰው የሌላውን ፍርድ ይዞላችሁ ሲመጣ፣ አባታችሁን የሚያህል ሰው ቢሆን እንኳን፣ ሄዳችሁ ከምንጩ ስሙት። እኔን አንድ የስልክ ጥሪ ያድነኝ ነበር። ያን ጥሪ ያልደወልኩት ስለማምናቸው ብቻ አይደለም፤ መልሱን ስለፈራሁ ጭምር ነው። ይሄንን ድርሻዬን በማንም ላይ አላላክክም።

ይቅር ብለሃቸዋል ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ብያለሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አላልኩም። አንዳንድ ቀን ጣቴን በትክክል እንዴት እንደማሳርፍ ያስተማሩኝ እሳቸው መሆናቸው ትዝ ይለኛል፤ ያን ጊዜ የበለጠ ይከፋኛል። ሐሙስ ሐሙስ ከእነ ሙሉጌታ ጋር እለማመዳለሁ፤ አንድ ተራ፣ የሚጮህ አምፕ ተከራይተናል፤ ቀስ እያልኩ ነው። እትዬ ሮማንን በየሳምንቱ እህታቸው ቤት ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ፤ ስለ ጋሽ ደምሴ ግን አናወራም።

ይህን ጽሑፍ ጨርሼ ለህሊና ሰጠኋት። አንብባ ስታበቃ «አሁንም አንቱ ትላቸዋለህ» አለችኝ። ልክ ናት። ብዕሬን አንሥቼ ላስተካክለው ሞከርኩ፤ «ጋሽ ደምሴ ዋሸኝ» ብዬ ጻፍኩ። ለረጅም ጊዜ አየሁት። እጄ እምቢ አለኝ። ሰረዝኩትና «ዋሹኝ» ብዬ መለስኩት።